የክንፋሙ ሰው እጅ

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ለእረፍት ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ልብ ወለድ እጽፋለሁ ትላለች። የምትጽፋቸው ሰዎች ክንፍ አላቸው፤ ከተማቸው ገደል ላይ ነው፤ ይዋጋሉ፣ ይጋባሉ። እሳት ዳር ተቀምጣ አንዱን በስልኳ ላይ ሥላ አሳየችኝ።

«አባባ፣ እስኪ ይዩልኝ። እንዴት ነው?»

አየሁት። መልከ መልካም ጎረምሳ ነው። ክንፉ ግን ጀርባው ላይ እንደ አህያ ጭነት ተቀምጧል።

«ይሄ አይበርም» አልኳት።

«ለምን አይበርም?»

«ደረት የለውም። ያን የሚያህል ክንፍ በምን ሥጋ ያነሣዋል?»

«ውይ አባባ! ልብ ወለድ እኮ ነው» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። በርኖሴን ዝናብ መቶት ከእሳቱ በላይ ተሰቅሎ ይጤስ ነበር። እርጥብ የበግ ጠጉር ሲሞቅ የሚሸተውን ሽታ ያደግንበት እናውቀዋለን፤ ከተሜ አፍንጫውን ይይዛል። ለእኔ ያ ሽታ የአያ ደምሴ ቤት ነው። የልጄ ልጅ ሥዕሏን ልታስተካክል ዞር አለች፤ እኔ ግን ሽታው ይዞኝ ሄደ።

አያ ደምሴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። አባቴ ወልዴ ይባላል። ሁለቱንም አንቱ ማለት ነበረብኝ። አሁን ግን ሳስባቸው በዚያን ጊዜ ሁለቱም በዕድሜ ከአሁኖቹ ልጆቼ ያንሱ ነበር፤ ስለዚህ እንደ መጣልኝ እጽፋለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣ።

ቤታችን ከዘመሮ ከተማ በላይ ነው። እኛ አንድ በሬ አለን፤ ስሙ ቦራ። አያ ደምሴም አንድ በሬ አለው፤ ስሙ ዳልቻ። በሬ የጎደለው ሁሉ እንደሚያደርገው ተቀናጅተው ነው የሚያርሱት፤ አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የእነሱን። ከእርሻ ሌላ አያ ደምሴ በርኖስ ይሠራል። አባቴ ደግሞ በዓል ሲደርስ የቅርጫ ከፋይ ነው። ሙክት ይሁን በሬ፣ አጥንት ሳይሰብር በየመገጣጠሚያው እየፈታ መደብ መደቡን ያስቀምጣል። ከመደቡ ላይ የሚያጉረመርም ሰው አላየሁም።

የእኔ ሥራ አያ ደምሴ ቤት ሄዶ ከበጉ ጠጉር ላይ እሾህና ገለባ መልቀም ነበር። ከሴት ልጁ ከብርቄ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን እንለቅማለን፤ አያ ደምሴ የጠጉር መንደፊያውን ደጋን ይዞ ድው ድው እያደረገ ይነድፋል። ጣታችን በቅባቱ ይወዛል፤ የበነነው ጠጉር አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። እሱ እየነደፈ ስለ ክንፋሞቹ ያወራናል።

ክንፋሞቹ ከእኛ አገር ገደል ውስጥ ይኖራሉ። ሰው ናቸው፤ ገብስ ይበላሉ፤ ክንፋቸውን አጥፈው በጎናቸው ይተኛሉ። ክንፋሙ የተባለው ትልቁ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ጠጉር አልቆ ሥራው እንዳይቆም ብርቄና እኔ እንሰጋ ነበር።

በርኖስ ትከሻው ላይ ሾል ብሎ የሚወጣ ነገር አለው። አንድ ቀን «ይሄ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የታጠፈ ክንፍ ማሳረፊያ ነው» አለኝ አያ ደምሴ፣ ዓይኑን ከደጋኑ ሳያነሣ። «ክንፉ ቀረ፤ ቦታው ግን አልጠፋም።»

እኔም አመንሁ። በርኖስ የለበሰ ሁሉ የክንፋሞቹ ዘመድ መሰለኝ። ዘመሮ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተጠግቼ በርኖሳቸውን ገለጥ አደረግሁ። ዞር ብለው በዘንጋቸው ጭንቅላቴን አሉኝ። «የማን ልጅ ነህ አንተ ሌባ!» ሲሉ እንኳ እኔ የማየው ትከሻቸውን ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በጥር ሚካኤል ነው። ማኅበሩ የደረሰው እኛ ቤት ነበር። ድፎው ተቆርሷል፣ ጠላው እየተቀዳ ነው፤ እንደ ልማዱ «ደምሴ፣ እስኪ ያን ሰውዬህን አምጣው» አሉት። አመጣው።

«ልጁ ከአፋፉ ተንሸራተተ። እናቱ ጮኸች። ክንፋሙ ከማዶ ገደል ሰማ። ክንፉን ሰብስቦ እንደ ጭልፊት ተወረወረ፤ ልጁ ወንዙ ሳይደርስ በሁለት እጁ ቀለብ አደረገው!»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ሰው «እሰይ!» ይላል። የዚያን ዕለት ግን አባቴ ቀደመ።

«በምኑ ያዘው?»

«በሁለት እጁ።»

«ክንፍ እያለው እጅም አለው?»

«አለዋ!»

አባቴ ተነሥቶ ከቆጡ ላይ አውራ ዶሮውን አወረደ። ዶሮው እየጮኸ አባቴ ክንፉን ገልጦ ለማኅበርተኛው አሳየ። «ይኸው፣ ትከሻው። ይኸው፣ ክርኑ። ይቺ አንጓው ናት። አያ፣ ክንፍ ማለት የወፍ ክንድ ነው! እግዜር ወፍን ሲሠራ እጁን ወስዶ ክንፍ አደረገለት። ሁለቱንም የሰጠው የለም። በጉን አየሁ፣ በሬውን አየሁ፣ ዶሮውን አየሁ፤ ከአራት በላይ ቅልጥም ያለው ፍጥረት በእጄ አልገባም።»

«የኔው ሰውዬ ስድስት አለው» አለ አያ ደምሴ።

«ይኑረው። ደረቱስ? እዚህ ጋ ንኩት።» የዶሮውን ደረት ወደ ሰዎቹ አዞረ። «ፈረሰኛው ለአባወራ የሚወጣው ለምንድን ነው? ሥጋው ስላለ ነው። ክንፉን የሚያነሣው ይሄ ሥጋ ነው፤ አጥንቱም እንደ ማረሻ ሾሏል። ይህ ሁሉ ኖሮት እንኳ የእኔ ዶሮ አጥር አይዘልም። ያንተ ሰውዬ በሰው ክብደት ሊበር ከፈለገ ደረቱ ክንድ ያህል ወደ ፊት ይወጣል። በዚህ በር እንኳ በጎኑ ነው የሚገባው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ ጣታቸውን አነሡ። «ወልዴ፣ በሚካኤል ቀን ስለ ክንፍ አትከራከር።»

«መልአክ መንፈስ ነው አባ፤ ክብደት የለውም። እኔ የማወራው ሥጋና አጥንት ስላለው ነው።»

ቄሱ አሰብ አደረጉና «እሱስ እውነቱን ነው» ብለው ጠላቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ደግሞ ሳቁ ባሰ። እኔም ስቄያለሁ፤ ዶሮው አባቴ እጅ ላይ ኩስ ጥሎ ነበር።

አያ ደምሴ በርኖሱን ደረበ። «ስለዚህ እጅ የለውም ነው የምትለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው በዳልቻ ላይ ቀንበር የሚያኖር እጅም የለም።»

ወጣ። ቀልድ መሰላቸው። «አያ፣ ድፎህን ጨርስ እንጂ!» ብሎ አባቴ ከኋላው ጠራው።

የካቲት ገባና የበልጉ ዝናብ ወረደ። መሬቱ ራሰ፤ ከየማሳው የገበሬ ድምፅ ይሰማል፤ ቦራ በረቱ ውስጥ ቆሞ ያመነዥካል። ከማዶ፣ አያ ደምሴ ግቢ፣ ዳልቻ ቆሞ ያመነዥካል። እኔ የተጣሉት በሬዎቹ መስለውኝ ዳልቻ ምን እንዳደረገው ቦራን በጆሮው ጠየቅሁት። የእኛ አገር ዋና ዘሩ የበልግ ገብስ ነው። በልግ ያለፈው ቤት ዓመቱን ሙሉ የሰው ፊት ሲያይ ይከርማል፤ ይህን ለልጅም መንገር አያስፈልግም፤ እናቴ ጎተራውን እያየች ዳቦውን ስታሳንስ ገብቶኛል።

ትርፍ በሬ ያለው ጎረቤት አልተገኘም፤ ሁሉም ዝናቡን ይሻማል። አባቴ በመጨረሻ ቦራን ከፈረሳችን ጋር ጠመደው። ፈረሱ ይፈተለካል፣ ቦራ ይቆማል፤ ሞፈሩ ይወላገዳል። ትልሙ እንደ እባብ ሄደ። የሚያልፈው ሁሉ «ወልዴ፣ ክንፍ ግጠምላቸው!» እያለ ያሽሟጥጣል። አያ ደምሴ ከደጃፉ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። አልሳቀም። አልመጣምም።

ብርቄ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ በብልሃትም ትበልጥ ነበር። «ለሰውዬው የክንፍ ቦታ ካገኘንለት ሁለቱም ያርሳሉ» አለችኝ። ይህ ፍጹም ትክክል መሰለኝ። ከቅርጫው ቦታ የደረቀ የበግ ትከሻ አጥንት ለቅመን መጣን፤ ያን ሰፊውን፣ እንደ ማንኪያ ያለውን። ከአጥሩ ኋላ ልብሴን አውልቃ አጥንቶቹን በገመድ ጀርባዬ ላይ አሰረች። ብርድ ነው፤ አጥንቱ ይበርዳል፤ እሷ ደግሞ ትሥቃለች።

ትከሻዬ ላይ ስታደርገው ክንዴን ባነሣሁ ቁጥር ከራሴ አጥንት ጋር ይጋጫል። «አየህ፣ አጎቴ እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ትከሻ አንድ ቦታ አይቆምም» አለች። ዝቅ አደረገችው። ከብብቴ በታች፣ ጎድን አጥንቱ ሊያልቅ ሲል፣ አልተጋጨም። እጄን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ አደረግሁ። አልነካውም። ጮኽን።

እየሮጥሁ ለአባቴ አሳየሁት። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ አልመታኝም። ተንበርክኮ ጎኔን ዳሰሰ። ጣቱ ሻካራ ነው፣ የሞራ ሽታ አለው። ጎድኖቼን አንድ በአንድ እየተጫነ ወረደ።

«እዚህ ጋ...» አለ ለራሱ። «እዚህ ጋ ከሆነ ደረቱ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው ሥጋ ለእጅ፣ የታችኛው ለክንፍ። ሆዱን ግን ወዴት ያደርገዋል? እግሩም ወደ ታች ይጎትተዋል። ጅራት ከሌለው...» ዓይኑ በርቶ ነበር። አባቴን እንደዚያ ሲጫወት ከዚያ በፊት አላየሁትም። ከዚያ እጁን አነሣ።

«ማን አሰበው ይሄን?»

«ብርቄ።»

«አባቷ ልኳት ነው?»

«አይ፣ ለብቻችን ነው።»

ወደ ማዶ አየ። «ይህንንማ ለደምሴ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ልብስህን ልበስ። እሱ በሬውን ነሣኝ እንጂ እኔ የነሣሁት የለም። ይምጣ።»

ኋላ ሽማግሌ ገባ። አጥራችን ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የድንበር ጠብ ሸምግለናል፤ የባልና ሚስት ሸምግለናል። የክንፍ ግን ይኸ የመጀመሪያችን ነው» አሉ። ሁለቱን ወንድማማቾች አዳመጡ። ወደ ጎን ወጥተው ተማከሩ። ሽማግሌ ያው ሽማግሌ ነው፤ የድንበር መሬት እንደሚያካፍሉት ፈረዱ፤

«ደምሴ ሁለት እጅ አለው ይላል። ወልዴ እጅ የለውም ይላል። እንግዲህ አንድ እጅ ይኑረውና ታረቁ።»

አባቴ ሣቁን ዋጠ። «አንድም በዝቶበታል። ስለ እናንተ ብዬ ግን ተቀብያለሁ።»

ሁሉም አያ ደምሴን አዩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«በአንድ እጅ» አለ። «ከገደል የሚወርድ ልጅ በአንድ እጅ ተይዞ ያውቃል?» ተነሥቶ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ «ይሄስ ለየለት» ብለው ተሣሣቁ። እናቴ ጠላ ይዛ ቆማ ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ እስኪሄዱ ጠበቀች።

«ወልዴ፣ ደምሴ ይሄን ተረት መቼ ነው የጀመረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ድሮ ነው።»

«አስናቀ የሞተ ክረምት ነው።»

አስናቀ የአያ ደምሴ በኩር ነው። እኔ ሳልወለድ፣ ግልገል ተከትሎ ከአፋፉ ወድቆ ሞተ። እኔ ግን በተረቱ ውስጥ የተያዘው ልጅ እሱ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ከክንፋሞቹ ጋር እዚያው ገደል ውስጥ እያደገ ነው። አፋፉ ላይ ስደርስ «አስናቀ!» ብዬ እጣራለሁ፤ ከማዶ «...ናቀ» ይለኛል። አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እየሄድሁ አነጋግረዋለሁ። የዚያን ዕለት እናቴ «የሞተ» ስትል ነው ቀና ያልሁት።

«አስናቀን ማን ያዘው?» አለችው አባቴን።

«ማንም አልያዘውም።»

«እሱን ነው እኮ የሚይዘው። በየማኅበሩ፣ በየሰርጉ እናንተ ፊት ይይዘዋል። እናንተ ወንዶቹ ክንፉን ስትሰሙ ኖራችሁ። አንተ ደግሞ ከፋይ ነህና ገብተህ እጁን ቆረጥህበት።»

አባቴ መሬቱን በጭራሮ ይጭር ነበር። ጭራሮው ተሰበረ።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«ታውቃለህ ብዬ ነዋ። ወንድምህ አይደለም?»

በማግሥቱ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልሄደም። «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ» አለ። እሑድ በሌላ በር ወጣ። «ዝናቡ ያባራ» አለ። ዝናቡ አባራ። ቀንበሩን ጠገነ፤ ያልተበላሸውን ምራን፣ የቀንበሩን ጠፍር፣ ለወጠ። እኔ አሁን ምን ሲያደርግ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ የወጣሁት ከእሱ ነው። ይቅርታ የጠየቀ ሳይመስል ይቅርታ የሚጠይቅበትን መንገድ ሲፈልግ ነበር። እንዲህ ያለ መንገድ የለም። እኔም ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

አንድ ጧት ቦራን ፈትቶ ቀንበሩን ትከሻው ላይ አደረገና «ና» አለኝ። ወደ አያ ደምሴ ቤት ወጣን። ጤዛው እግራችንን አራሰው። አባቴ በመንገድ ላይ ለብቻው ያወራል፤ «አያ፣ ከብብቱ በታች ቢሆን...» ሲል ሰማሁት። የእኛን የልጆቹን ሐሳብ ይዞ ሊገባ ኖሯል።

በሩ ተዘግቷል። በረቱ ባዶ ነው። ደጋኑ የሚሰቀልበት ምሰሶ ላይ ጥቂት ጠጉር ብቻ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቲቱ ከአጥሯ ላይ አንገቷን አወጣች።

«አልሰማህም እንዴ ወልዴ? ዳልቻን ዘመሮ ሸጠው። ትናንት ገና ሳይነጋ ቆላ መርሐቤቴ ወረዱ፣ ወደ ሚስቱ አገር። አፋፉን እያየሁ ከዚህ በላይ አልኖርም አለ።»

አባቴ ቀንበሩን አላወረደም። እንደ ተሸከመው ወደ ቤት ተመለስን፤ ቦራ ከኋላችን ይከተላል።

የተበደርነው በሬ የመጣው ዝናቡ ካለቀ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተዘራውን ገብስ ውርጭ መታው። በዚያ ክረምት ያልበላነውን አልዘረዝርም። ከዚያ ወዲያ አባቴና አያ ደምሴ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አባቴ ቆላ አልወረደም፤ አያ ደምሴም ደጋ አልወጣም። በመካከላቸው ያለፈው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በብርቄ በኩል።

ለእንቁጣጣሽ ከእናቷ ወንድም ጋር መጣች፤ ሎሚ ይዛ፣ ከስታ፣ በቆላው ፀሐይ ጠቁራ። እናቴ ያለችንን አንዲት ዶሮ አረደች። ስታወጣ እንደ ደንቡ ፈረሰኛውን ለአባቴ አደረገች፤ የአባወራ ድርሻ ነው፤ ልጅ ቀርቶ እንግዳም አይነካውም። አባቴ አነሣውና ብርቄ ፊት አስቀመጠው። የእናቴ እጅ ጭልፋው ላይ ቀረ።

«ብይ» አላት።

ብርቄ እኔን አየች።

«ለአባትሽ ንገሪልኝ። ወልዴ እጅ አለው ብሏል በይው። ሁለት እጅ። ስለ አጥንቱ አትጨነቅ፣ እኔ አስብበታለሁ ብሏል በይው።»

ብርቄ ሥጋውን አልነካችም። በጣቷ የእንጀራውን ጠርዝ ታጥፍ ነበር።

«አባዬ ቀይረውታል እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ተረቱን። ቆላ ከወረድን ወዲህ ክንፋሙ እጅ የለውም። ወልዴ እውነቱን ነው፤ አጥንት የሚያውቅ እሱ ነው አሉ።»

እኔ ነኝ «ታዲያ ልጁን በምን ያዘው?» ያልሁት።

«አልያዘውም። ክንፋሙ ሲደርስ ልጁ እየወደቀ ነው። የሚይዝበት የለውም። ስለዚህ አጠገቡ ሆኖ አብሮት ወረደ፤ ብቻውን እንዳይሆን፤ እስከ ታች ድረስ።»

አባቴ ያን ተረት ስንት ዘመን ሰምቶታል። ሲሰማ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሥቃል፤ እንደ ሌላው ሰው «ከዚያስ?» ብሎ ጠይቆ ግን አያውቅም። አሁን ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ።

«ከዚያስ?» አላት።

«ከዚያማ የለም» አለች ብርቄ። «እዚያ ላይ ያቆማሉ።»